የፑል ኳሶቼን ሰም ከቀባኋቸው ወዲህ ጨዋታው ተበላሸብኝ

በጎንደር ፒያሳ አካባቢ አንዲት ጠረጴዛ ብቻ ያላት የፑል ቤት አለችኝ። 57 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ያላቸው ፌኖሊክ ሬዚን ከተባለ ጠንካራ ፕላስቲክ የተሠሩ ኳሶቼ በጠመኔ ብናኝና በእጅ ወዝ ደብዝዘው ስለነበር፣ ባለፈው እሑድ የመኪና ሰም ቀብቼ በፎጣ ወለወልኳቸው። አንጸባረቁ፤ ነገር ግን ነጯ ኳስ መንከባለል ከመጀመሯ በፊት ለረጅም ርቀት ትንሸራተታለች፤ በነጯ ጎኗን የተመታችው ሌላዋ ኳስም፣ ሰበቃው በመቀነሱ ይመስለኛል፣ ከለመድነው አቅጣጫ ይበልጥ ወደ ጎን እየሰፋች የጉድጓዱን ጠርዝ መትታ ትመለሳለች። አንድ ደንበኛዬ «ሳሙና ነው እንዴ የምንመታው?» ሲለኝ ተቀይሜው ነበር፤ ራሴ ስሞክረው ግን እውነቱን ነው። ሰሙን ለማስለቀቅ ለብ ያለ ውሃና የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይበቃል ወይስ አልኮል ያስፈልጋል? አልኮል የኳሶቹን ገጽ ይጎዳ እንደሆነና ወደ ጠረጴዛው ጨርቅ የተላለፈው ሰም በምን እንደሚነሣ የምታውቁ እንድታስረዱኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።