የከብት ስርቆት ላይ ጥናት የሠራችሁ እስቲ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የማስተርስ መመረቂያዬን የምሠራው በገጠር ወንጀል ላይ ነው። ቦታው ሰሜን ሸዋ፣ ትኩረቱ ደግሞ የከብት ስርቆት። አሁን ግን ግራ ገብቶኛል።

ነገሩ ምን መሰላችሁ፣ ፖሊስ መዝገብ ላይ ያለው ጉዳይ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። በገበያ ቀን ጠላ ቤት ብትቀመጡ ግን ወሬው ሁሉ በሬ ጠፋ፣ በግ ተነዳ ነው። ሰዉ አይከስማ! ቀጠሮው ያሰለቸዋል፣ ምስክሩ ቂም ይፈራል፣ ስለዚህ ሽማግሌ ይገባና በካሳ ያልቃል። ሕገ መንግሥቱ ደግሞ በአንቀጽ 34/5 ለባህላዊ ዳኝነት በር የከፈተው ለግልና ለቤተሰብ ጉዳይ ነው፣ ያውም ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ፤ ስርቆት የለበትም። ሽማግሌዎቹም ይህን ሳያውቁት አይቀሩም፣ ደብተር ሳወጣ ዝም ይላሉ። አንድ አባት "ልጄ፣ የታረቀ ነገር አይቆጠርም" ብለው ቡና ጋብዘው ሸኙኝ።

አማካሪዬ በበኩሉ "ቁጥር አምጣ" ይላል። ቤት ለቤት እየዞርኩ "ባለፉት 12 ወራት ከብት ጠፍቶብዎት ነበር? ለማን ነገሩ?" ብዬ ልጠይቅ አስቤያለሁ። ግን የቀበሌ ሰው ይዤ ካልሄድኩ ማን ያስገባኛል? ይዤ ከሄድኩ ደግሞ ማን እውነቱን ይነግረኛል?

እንዲህ ዓይነት መጠይቅ ገጠር የሞከራችሁ፣ በማን በኩል ገባችሁ? እርቁን ሳታነሱስ እንዴት ጠየቃችሁ? አውጫጭኝ (ሰዉ ተሰብስቦ ሌባውን የሚያወጣጣበት ባህላዊ ሸንጎ) አሁንም የሚካሄድበት ቀበሌ የምታውቁም ካላችሁ ጠቁሙኝ። በውስጥ መስመር ብትጽፉልኝ ይሻላል።