ድሮ ቲቢ ታክሜ ነበር፤ ሜዲካል ላይ ልናገር ወይስ ዝም ልበል?

ተጓዥ እናት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ባለቤቴ ያለው አሜሪካ ነው። የእኔና የስድስት ዓመት ልጃችን የቪዛ ጉዳይ ብዙ ጊዜ ወስዶ አሁን የኢንተርቪው ቀን ተቆርጦልናል፤ ከዚያ በፊት ሜዲካል (የጤና ምርመራ) ማለቅ አለበት ተብለናል። እንቅልፍ የነሳኝ አንድ ነገር አለ። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ሳንባ ነቀርሳ ይዞኝ የስድስት ወሩን መድኃኒት ሳላቋርጥ ጨርሻለሁ። ድኛለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ሳል እንኳ አስቸግሮኝ አያውቅም። ዘመዶቼ ግን «ትንፍሽ እንዳትዪ፤ ካወቁ ይከለክሉሻል» እያሉ ያስፈራሩኛል። መዋሸት አልፈልግም። ግን ልጄ ከአባቱ ጋር የሚገናኝበትን ቀን በገዛ አፌ ላበላሽ?

ሌላው፣ ባለቤቴ ለእረፍት መጥቶ ከተመለሰ ወዲህ ነፍሰ ጡር ነኝ፤ አራት ወሬ ነው። ራጅ መነሳት ግዴታ ነው ሲሉ ሰማሁ። ፅንሱን አይጎዳውም? ልጄስ ምን ምን ይደረግለታል? መርፌ ገና ሲያይ ነው የሚያለቅሰው። ውስጥ ስገባ ምን እንደሚጠብቀኝ የሚነግረኝ ባገኝ ደስ ይለኛል። ልብስ አውልቁ ይባላል? የኤችአይቪ ምርመራስ አለ?

መንገደኛ፦

እህቴ ዝም ብለሽ ግቢ። ያለፈ በሽታ ነው፤ ድነሻል። ማን ያውቅብሻል? እነሱ የሚያዩት የዛሬውን ነው።

የቀድሞ ራጅ አንሺ፦

እህቴ፣ ይህን ምክር አትስሚ። ወንድማችን በቅንነት እንደተናገረ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ራጅ የዛሬውን ብቻ አያሳይም። ለቪዛ የሚመረመሩ ሰዎችን ደረት ሳነሳ የኖርኩ ባለሙያ ነኝ። የዳነ ቲቢ ብዙ ጊዜ ሳንባ ላይ ጠባሳ ትቶ ነው የሚሄደው፤ በተለይ በላይኛው የሳንባ ክፍል። ያ ጠባሳ ዕድሜ ልክ ሊታይ ይችላል። ሐኪሙ ፊልሙ ላይ ጠባሳውን እያየ፣ አንቺ ደግሞ ቅጹ ላይ «ታምሜ አላውቅም» ብለሽ ፈርመሽ ከሆነ፣ ጉዳዩ ከጤና ወጥቶ ወደ ታማኝነት ይዞራል። በአሜሪካ ሕግ ቪዛ ለማግኘት ሲባል ወሳኝ ነገር ላይ ሆን ብሎ መዋሸት ራሱን የቻለ መከልከያ ነው፤ ዓመት ስላለፈም አይሰረዝም። ታክሞ የዳነ ቲቢ ግን መከልከያ አይደለም። የማይከለክልሽን ነገር ለመደበቅ ብለሽ የሚከለክልሽን ነገር ለምን ታደርጊያለሽ?

ስለዚህ ንገሪ፤ ማስረጃም ይዘሽ ሂጂ። የሕክምና ካርድሽ ከጠፋ የታከምሽበት ጤና ተቋም የቲቢ መዝገብ አለው። መድኃኒት የጀመርሽበትንና የጨረስሽበትን ቀን፣ የመድኃኒቶቹን ዓይነት፣ መጨረሻ ላይ የነበረውን የአክታ ውጤት ጽፈው ማኅተም ያድርጉልሽ። ከሁሉም በላይ ደግሞ የዚያን ጊዜ የራጅ ፊልም ቤት ውስጥ ካለ ፈልጊው። አሮጌና አዲስ ፊልም ጎን ለጎን ሆነው ጠባሳው በእነዚህ ሁሉ ዓመታት እንዳለ ከቆየ ለሐኪሙ ትልቅ ነገር ነው። ሰው ፊልሙን ያረጀ ፕላስቲክ ነው ብሎ ሲጥለው ያናድደኛል።

አሁን ደግሞ ማንም አስቀድሞ የማይነግርሽን ልንገርሽ፣ እዚያ ደርሰሽ እንዳትደነግጪ። ራጁ ላይ ጠባሳ ከታየ ማስረጃ ቢኖርሽም የአክታ ምርመራ መታዘዙ አይቀርም። ሦስት ጠዋት፣ በመካከላቸው ቢያንስ 24 ሰዓት እየተቆጠረ ትሰጪያለሽ። በማይክሮስኮፕ የሚታየው ውጤት ቶሎ ይደርሳል። ካልቸር የሚባለው፣ ባክቴሪያው ይበቅል እንደሆነ የሚታይበት ምርመራ ግን እስከ 8 ሳምንት ይጠበቃል፤ የቲቢ ባክቴሪያ በጣም ቀስ ብሎ ስለሚያድግ «አልበቀለም» ለማለት ያን ያህል መቆየት ግድ ነው። እስከዚያ ቪዛው አይሰጥም። ይህን ወረቀት ይዘው የተከለከሉ መስሏቸው እያለቀሱ የሚወጡ ሰዎችን አይቻለሁ፤ አልተከለከሉም፣ እየተጠበቁ ነው። ሁሉም ነጻ ከሆነ ወረቀትሽ ላይ «ክላስ ቢ» የሚል ይጻፋል። ትርጉሙ ትጓዣለሽ፣ እዚያ ስትደርሺ ደግሞ የአካባቢው ጤና ቢሮ ጠርቶ ያይሻል ማለት ነው። የሚያግደው «ክላስ ኤ» የሚባለው ነው፤ በሽታው አሁን ንቁ ሆኖ ሲገኝ። ያም ቢሆን ባለሙያ ፊት እየተዋጠ ሕክምናው ካለቀ በኋላ እንደገና ተመርምሮ መሄድ ይቻላል።

ስለ ነፍሰ ጡርነትሽ፦ ምርጫው ያንቺ ነው። በአሜሪካ ደንብ 15 ዓመት የሞላው ሁሉ ደረቱን ይነሳል፤ ነፍሰ ጡር ግን ፈርማ ስትስማማ ብቻ ነው፣ ሆዷና ዳሌዋም ጨረር በሚከለክል የሊድ መሸፈኛ ዙሪያውን ይሸፈናል። ካልፈለግሽ እስክትወልጂ ማቆየት ትችያለሽ። ፅንሱ ከአንድ የደረት ራጅ የሚደርሰው ጨረር ከ0.01 ሚሊግሬይ አይበልጥም፤ ከ50 ሚሊግሬይ በታች ደግሞ በፅንስ ላይ ጉዳት ያደርሳል የሚል ማስረጃ የለም። እኔ ነፍሰ ጡር ስትገባ ሁልጊዜ መከላከያውን ራሷ እንድትነካውና እንድታየው አደርግ ነበር። አንቺም ገና ከበሩ «ነፍሰ ጡር ነኝ» በዪ። እስኪጠይቁሽ አትጠብቂ።

ቀኑ እንዲህ ነው የሚሄደው። ፓስፖርትሽን አይተው ፎቶ ያነሱሻል። የጤና ታሪክሽን ይጠይቁሻል፤ ያደረግሽውን ቀዶ ሕክምና፣ የምትወስጂውን መድኃኒት፣ የአእምሮ ሕመም፣ አልኮልና አደንዛዥ ዕፅ። ቁመት፣ ክብደት፣ ደም ግፊት፣ ዓይን። ደም ይቀዳል፤ ዕድሜው ከ18 እስከ 44 የሆነ ሰው የቂጥኝ ምርመራ አለበት፣ ከ18 እስከ 24 የሆነ ደግሞ የጨብጥ። ጾም አያስፈልግም፤ የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት ያለው ሰው ዕለቱን ውጦ ይሂድ። ለራጁ ከወገብ በላይ አውልቀሽ የእነሱን ጋውን ትለብሺያለሽ። የአንገት ሐብል፣ መስቀል፣ ብረት ያለው የጡት መያዣ ይወልቃል። ጸጉርሽ ተሠርቶ ትከሻሽ ላይ የሚወርድ ከሆነ ወደ ላይ ጠቅልለሽ እሰሪው። ወፍራም ሹሩባ የሳንባው ጫፍ ላይ ሲያርፍ ጥላ ይሠራል፤ ጥላው ደግሞ የሚያርፈው ልክ የቲቢ ጠባሳ በሚፈለግበት ቦታ ነው። «ትንፋሽ ሳቢ፣ ያዢ» ሲሉሽ የምርሽን ሳቢ፤ በደንብ ያልተሳበ ትንፋሽ ፊልሙን ያደበዝዘዋል፣ አንቺ ደግሞ ድጋሚ መነሳት አትፈልጊም። ሐኪሙ ልብና ሳንባ ያዳምጣል፣ ሆድና ቆዳ ያያል። ሴት ረዳት አብራሽ እንድትሆን መጠየቅ መብትሽ ነው።

ኤችአይቪ ለአሜሪካ ከጥር 4 ቀን 2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከመከልከያ ዝርዝሩ ወጥቷል፤ ከቪዛ ምርመራውም ተነስቷል።

አክታ ሰጥቻለሁ፦

ጋሼ የተናገሩት ሁሉ ልክ ነው። ስለ አክታው እኔ ልጨምር፤ ያለፍኩበት ነው። የሚፈለገው ምራቅ አይደለም፣ ከደረት ውስጥ የሚወጣ ነው። ሳል የሌለበት ጤነኛ ሰው ደግሞ ከየት ያመጣዋል? እኔን የጨነቀኝ ይሄ ነበር። ጠዋት ምግብ ሳልቀምስ ሄድኩ፣ አፌን በውሃ ተጉመጠመጥኩ፣ አየር እንደልብ የሚገባበት ቦታ ላይ አቆሙኝ፤ ነርሷ በመስታወት በኩል ታየኛለች። ሁለት ሦስቴ በጥልቀት ተንፍሶ ከዚያ ከሆድ መሳል ነው። እምቢ ሲለኝ የጨው ውሃ እንፋሎት በማሽን አስተነፈሱኝ፤ ያኔ ራሱ መጣ። እንፋሎቱ ጉሮሮ ይከረክራል እንጂ አያምም። ማታውን ውሃ በደንብ ጠጪ።

ውጤቴ ነጻ ሆኖ ቪዛዬ ተሰጠኝ። ያ ሁለት ወር ግን ከባድ ነው። ስልክ በጮኸ ቁጥር ልብ ይመታል። ቀኑ ሳይደርስ እየደወልሽ ራስሽን አታድክሚ፤ ካልቸር በልመና አይፈጥንም።

ተጓዥ እናት፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ፤ አንቺም እህቴ ተባረኪ። ዛሬ ቀለል ብሎኝ ዋልኩ። እናገራለሁ፣ ወስኛለሁ። ሦስት ጥያቄ ልጨምርብዎት። አሁን ራጁን ልነሳ ወይስ እስክወልድ ልቆይ፣ እርስዎ ቢሆኑ ምን ይመክሩኛል? ለልጄ የቀረውን የኩፍኝ ክትባት አሁኑኑ አስወግቼው ልሂድ? ደግሞ ጉንፋን ይዞኝ ትንሽ አስሎኛል፤ እህቴ ከፋርማሲ ሲፕሮ ልግዛልሽና ከሜዲካሉ በፊት ሳልሽ ይጥፋ ትለኛለች።

የቀድሞ ራጅ አንሺ፦

ከመጨረሻው ልጀምር፣ አጣዳፊው እሱ ነው። ሲፕሮ እንዳትወስጂ። ነፍሰ ጡር ሴት ያለ ሐኪም ትእዛዝ የምትውጠው መድኃኒት አይደለም። በዚያ ላይ ሲፕሮና የእሱ ወገን የሆኑ አንቲባዮቲኮች የቲቢ ባክቴሪያንም በከፊል ይመታሉ፤ በሽታውን ሳያድኑ ውጤቱን ያደበዝዛሉ። ስለ ሳልሽ የእርግዝና ክትትል ሐኪምሽን አማክሪ። ማንኛውንም አንቲባዮቲክ ከወሰድሽም ለመርማሪው ሐኪም ንገሪ።

ስለ ራጁ ቀኑን ቁጠሪና ወስኚ። አሁን ወደ 16 ሳምንት ገደማ ነሽ። አክታ ቢታዘዝና ካልቸሩ 8 ሳምንት ቢወስድ፣ ውጤቱን መጻፊያና የቪዛውን ማተሚያ ጨምረሽ ስድስት ወርሽን አልፈሽ ትገኛለሽ። ብዙ አየር መንገዶች ከ28 ሳምንት ጀምሮ የሐኪም ደብዳቤ ይጠይቃሉ፤ 36 ሳምንት ከሞላ በኋላ ብዙዎቹ አያሳፍሩም። ስለዚህ አሁን ከተነሳሽ መንገዱ ጠባብ ቢሆንም ክፍት ነው። አንድ ወር ካመነታሽ ግን ይበልጥ ይጠባል። እስክትወልጂ ከቆየሽ ደግሞ ሕፃኑም የራሱ ወረቀት ያስፈልገዋል፤ ምን ዓይነት የሚለው ባለቤትሽ ዜጋ ነው ወይስ ግሪን ካርድ ያለው በሚለው ስለሚወሰን ኤምባሲውን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ልጄ ብትሆኚ በሊድ ተሸፍነሽ አሁኑኑ ተነሺ እልሽ ነበር። ሌላም ነገር አለ፤ ምንም ያልተገኘበት ሰው ሜዲካሉ ብዙውን ጊዜ 6 ወር ያገለግላል፣ ከቲቢ ጋር የተያያዘ ክላስ ቢ ያለው ግን 3 ወር ብቻ ነው። ውጤቱ ከወጣ በኋላ ጉዞውን ማዘግየት የለም።

ልጅሽ ላይ ያለው ትልቁ ነገር ኢግራ የሚባል የቲቢ የደም ምርመራ ነው፤ ቲቢ በብዛት ባለባቸው አገሮች ከ2 እስከ 14 ዓመት ላሉ ልጆች የታዘዘ ነው። ኩፍኝን ብቻውን ቀድመሽ አታስወጊው። በሕይወት ያለ ቫይረስ የያዘ ክትባት ከኢግራው ጥቂት ሳምንት ቀድሞ ከተሰጠ የምርመራውን ውጤት ሊያዛባ ይችላል። ደሙ በተቀዳ ዕለት እዚያው ቢወጋ ይሻላል። የክትባት ካርዱን ብቻ አትርሺ፤ ካርድ ከሌለ የወሰደውን እንደገና ሊወጉት ይችላሉ። ኢግራው ፖዘቲቭ ቢሆን አትደንግጪ፤ ራጅ ይነሳል፣ ሳንባው ንጹሕ ከሆነና የሕመም ምልክት ከሌለው ይሄዳል። ስለ ለቅሶው ደግሞ እውነቱን ንገሪው፤ «አያምህም» አትበዪው። «ትንሽ ያምሃል፣ እኔ እይዝሃለሁ» የተባለ ልጅ ክንዱን ሲሰጥ አይቻለሁ፤ የተታለለ ልጅ ግን ቀጥሎ ራጅ ክፍልም አይገባልኝም ነበር።

አንቺ ራስሽ የኩፍኝና የቫሪሴላ (ጉድፍ) ክትባት በእርግዝና አትወጊም፤ ሐኪሙ «በአሁኑ ሁኔታ አይሰጥም» ብሎ ይመዘግበዋል፣ ቪዛሽንም አያስቀርም። የታሸገ ፖስታ ከሰጡሽ አትክፈቺው። የራጅ ሲዲ ከሰጡሽ በእጅ ሻንጣሽ ያዢው እንጂ ከሚጫነው ዕቃ ጋር አትላኪው።

ካናዳ ጠባቂ፦

ጋሼ ይቅርታ፣ በሰው ጥያቄ ገባሁ። ባለቤቴ ካናዳ ሆና እየጠራችኝ ነው። ኤችአይቪ በደሜ አለ፤ መድኃኒቴን በሥርዓት እወስዳለሁ፣ ቫይረሱም በምርመራ አይታይም። ካናዳ ይመረምራል ሲሉ ሰማሁ። ጉዳዬ በዚህ ያበቃል ማለት ነው?

የቀድሞ ራጅ አንሺ፦

አያበቃም ወንድሜ። ካናዳ 15 ዓመት የሞላውን ሁሉ ኤችአይቪ ይመረምራል፣ እውነት ነው። መገኘቱ ብቻውን ግን አያስከለክልም። እዚያ የሚታየው ሕክምናው በመንግሥት ላይ ከመጠን ያለፈ ወጪ ያመጣል ወይ የሚለው ነው፤ በትዳር ጓደኛው ስፖንሰርነት የሚሄድ ሰው ደግሞ ከዚህ የወጪ መስፈርት በሕግ ነጻ ነው። የመድኃኒትህን ዝርዝርና የቅርብ ጊዜውን የቫይረስ መጠን ውጤት ይዘህ ግባ። ስትሄድም የሚበቃህ መድኃኒት በእጅ ሻንጣህ ይኑር፤ እዚያ ሐኪም እስክታገኝ ጊዜ ይወስዳል።