ለካርዱ በመደብኩት ማኅደረ ትውስታ ውስጥ ደብዳቤዬን አገኘሁት

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሆኜ ለአንድ የመለኪያ ካርድ የሊኑክስ ድራይቨር (ካርዱን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም) እየጻፍኩ ነው። በኬማሎክ (kmalloc፣ በሊኑክስ እምብርት በከርነሉ ውስጥ ማኅደረ ትውስታ የሚመድብ ተግባር) 600 ባይት መድቤ ለካርዱ ሰጠሁት፤ ካርዱ የሚጽፈው 512 ብቻ ነው። ትናንት ሌሊት ሙሉውን ሳነበው፣ በቀሪው 88 ባይት ውስጥ ለእናቴ የጻፍኩት ደብዳቤ ቁራጭ፣ «ሙቀቱ በርትቷል» የሚለው ሳይቀር፣ ቁጭ ብሏል! በጣም ደነገጥኩ። ቦታውን አስቀድሞ ዜሮ ማድረግ ፍጥነት ይቀንሳል የሚሉኝ አሉ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ኬማሎክ አያጸዳም፤ የቀድሞው ባለቤት የተወውን እንዳለ ያስረክብሃል። ዜሮ አድርጎ የሚመድበውን ኬዜድአሎክ (kzalloc) ተጠቀም። 600 ባይት ማጽዳት ካርዱ ጽፎ እስኪጨርስ ከመጠበቅ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው።

መልስ፦ ካርዱ በቀጥታ ሊጽፍበት የሚችል ማኅደረ ትውስታ የሚመድበው ዲኤምኤ አሎክ ኮሄረንት (dma_alloc_coherent) እንደ ፈረንጆቹ በ2019 ከወጣው ከርነል 5.0 ጀምሮ ራሱ አጽድቶ ይሰጣል። ከእንዲህ ያለ ማኅደረ ትውስታ ትንንሽ ቁራጭ የሚሰጠው ዲኤምኤ ፑል አሎክ (dma_pool_alloc) ግን አያጸዳም፤ እዚያ ዲኤምኤ ፑል ዜድአሎክን (dma_pool_zalloc) ጥራ። ደግሞም አንዴ ማጽዳት አይበቃም! ያንኑ ቋት (የመደብከውን ቦታ) ለሌላ ሥራ ስትመልሰው የቀድሞው መረጃ ይከተልሃል። ለተጠቃሚው ካርዱ የጻፈውን 512 ብቻ ቅዳ።

ጠያቂው፦ እግዜር ይስጥልኝ። ሁለቱንም አደረግሁ፤ 88ቱም ባይት ዜሮ ናቸው።