የአባቴን እድር ወርሼ ግዴታዬን መወጣት አቃተኝ

አባቴ ጉለሌ ውስጥ በሚገኝ የሰፈር እድር ከ30 ዓመት በላይ አባል ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ሲያርፉ፣ ጥሩምባው በተነፋ በሰዓታት ውስጥ ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን እንደ ደረቡ በዝናብ ድንኳን ሲተክሉ፣ የእድሩ ስም በቀይ ቀለም የተጻፈበትን አግዳሚ ለሁለት ተሸክመው ሲያስገቡ በዓይኔ አይቻለሁና፣ አባልነቱን ወደ ስሜ ያዛወርኩት ከልቤ ነው።

አሁን ግን የምኖረው አያት ኮንዶሚኒየም፣ የምሠራውም በፈረቃ ስለሆነ፣ ወርኃዊ መዋጮዬን አንድም ጊዜ ሳላጓድል ዘንድሮ ከአራት ቀብር ቀርቼ ተቀጥቻለሁ። ቅጣቱ አይከብደኝም፤ የሚከብደኝ «ልጁ እንደ አባቱ አልሆነም» መባሉ ነው።

በጠቅላላ ጉባኤው ላይ፣ ቀን ሥራ የሚይዘን ወጣቶች ከቀብር ስንቀር በምትኩ ሐዘንተኛው ቤት እንድናመሽ፣ ቅዳሜና እሁድም ድንኳኑንና ዕቃውን እንድንመልስ ሐሳብ አቀረብኩ። የእድሩ ዳኛ «ቀብር ምትክ የለውም» ብለው ዘጉት፤ እኔም በቃላቸው ውስጥ እውነት እንዳለ ይሰማኛል። ሆኖም ወጣት አባላት ስድስት ብቻ ነን፤ ሁለቱ ሊለቁ ተነሥተዋል።

በእናንተ እድር እንዲህ ያለ ማሻሻያ ጸድቆ ከሆነ፣ አዛውንቶቹ ሳይከፉ የተቀበሉት በማን በኩልና እንዴት ቀርቦላቸው ነው?