የጥለቱ ቀይ ነጩ ላይ ለቀቀብኝ

ሰላም ናችሁ፣ ጎንደር ነኝ። ለጥምቀት ያሠራሁት የፈትል ቀሚስ አለ፣ ድሩ የፋብሪካ ክር ማጉ በእጅ የተፈተለ ጥጥ፣ ጥለቱ ቀይና አረንጓዴ። ጥር 11 ፋሲል መዋኛ ጠበሉ ሲረጭ በስብሼ (ያው እዛ ሄዶ ያልራሰ ማን አለ) ቤት ስገባ ከታች ጠርዙ ጋ ቀዩ ወደ ነጩ ወርዶ ሮዝ አድርጎታል፣ አረንጓዴው ግን ንቅንቅ አላለም። ወዲያው በቀዝቃዛ ውሃ ደጋግሜ አለቀለቅኩት፣ ትንሽ ፈዘዘ። በማግስቱ ለብ ባለ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና ስዘፈዝፈው ጭራሽ ከጥለቱ ሌላ ቀይ መውጣት ጀመረ፣ ቶሎ አውጥቼ ጥላ ላይ ዘረጋሁት፣ ካውያ እስካሁን አላስነካሁትም። ጎረቤቴ በረኪና ጠብ አድርጊበት ትላለች ግን በረኪና ፈትሉን ያሳሳዋል ጥለቱንም ይበላዋል፣ እጄ አልሄደም። አክስቴ ደግሞ እንዶድ ነው መድኃኒቱ ባይ ናት፣ ለነጭ ጋቢ እሺ አንደኛ ነው፣ ቀለም ያለው ላይ ግን ሲሠራ አይቼ አላውቅም። ጥለቱ አብሮ የተሸመነ ስለሆነ ፈትቶ ለብቻ ማጠብ የሚባል ነገር የለም። እና ጥለቱን ሳያደበዝዝ ነጩ ላይ ያለውን ቀይ ብቻ የሚያስለቅቅ፣ ፈትል ላይ ራሳችሁ የሞከራችሁት ነገር ምንድን ነው?