ከእሬት የወጣው ውህድ ፒቲፒ-1ቢን በእርግጥ ይገታል?

ጥያቄ፣ ከሐረር
ጤና ይስጥልኝ። ለሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያዬ፣ የኢንሱሊንን መልእክት የሚያዳክመውን ፒቲፒ-1ቢ የተባለ የሰው ፎስፋቴዝ (ከፕሮቲኖች ላይ ፎስፌት የሚያላቅቅ) ኢንዛይም የሚገታ ንጥረ ነገር እያፈላለግሁ ነው። ከሐኪም ተራራ ግርጌ ከሰበሰብሁት እሬት የለየሁት ቢጫ ውህድ፣ አሎ-ኢሞዲን ይመስለኛል፣ በጥቂቱ ሲጨመር እንኳ ኢንዛይሙን አቆመው። ነገር ግን ኬሚካላዊ ምላሹን ለማስቆም ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ስጨምር የመፈተኛው ፕሌት ጉድጓዶች ቀሉ። ውህዱን መነሻ አድርጌ የመድኃኒት ንድፍ ልጀምር ወይስ ልቆይ?

መልስ፣ ከድሬዳዋ
እህቴ፣ ቢቆዩ ይሻላል። መቅላቱ አያስደንግጥዎ፤ አንትራኪኖን የሚባሉት የእሬት ውህዶች እንደ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ያለ አልካሊ ሲነካቸው ይቀላሉ። ቀለሙ የኢንዛይሙን ሥራ የምንለካበትን የ405 ናኖሜትር የብርሃን ንባብ ከፍ ቢያደርግ እንጂ ዝቅ ስለማያደርግ፣ ያዩትን መገታት የፈጠረው እሱ አይደለም፤ ቢሆንም ውህዱን ያለ ኢንዛይም የያዘ ጉድጓድ አዘጋጅተው ንባቡን ከሌሎቹ ንባብ ላይ ይቀንሱ።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ለኢንዛይሙ መጠበቂያ ዲቲቲ የተባለውን ኤሌክትሮን ሰጪ ኬሚካል ጨምረው ከሆነ፣ እንደ አንትራኪኖን ያሉ ኪኖን መሰል ውህዶች ከእሱ ኤሌክትሮን እየተቀበሉ ለኦክስጅን በማቀበል ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ሊፈጥሩ ይችላሉ። ፎስፌቱን የሚያጠቃው የኢንዛይሙ 215ኛ አሚኖ አሲድ፣ ሲስቴይን፣ ሰልፈሩ ፕሮቶኑን በቀላሉ ስለሚለቅ ለሥራው ንቁ የሆነውን ያህል ለኦክሳይድ መሆንም የተጋለጠ ነው። እንዲያ ከሆነ ኢንዛይሙን ያቆመው ፐርኦክሳይዱ እንጂ የውህዱ መግጠም አይደለም። ፐርኦክሳይድን የሚያፈርሰውን ኢንዛይም፣ ካታሌዝን፣ ጨምረው ይድገሙት፤ መገታቱ ከጠፋ ውህዱን ይተዉት። ትራይተን የተባለውን ሳሙና መሰል ንጥረ ነገር 0.01 በመቶ ጨምረውም ይሞክሩ፤ ተጠራቅመው ኢንዛይሙን የሚያጣብቁ ሞለኪውሎች በዚህ ይበተናሉ።

ሌላ መልስ
ውህዱ ፈተናውን ቢያልፍም ንድፉ ቀላል አይሆንም። ይህ ኢንዛይም የሌላቸው አይጦች ቅባት የበዛበት ምግብ እየበሉ አለመወፈራቸው በ1999 ከታየ ወዲህ ብዙ ተደክሟል፤ ሆኖም የሥራ ጉድጓዱ፣ ማለትም ኢንዛይሙ ሥራውን የሚያከናውንበት ስርጉድ፣ ፎስፌት እንዲቀበል የተሠራ ስለሆነ፣ በደንብ የሚገጥሙት ሞለኪውሎች አሉታዊ ኃይል የተሸከሙ፣ የሴልን ሽፋን በቀላሉ የማያልፉ ናቸው። የቅርብ ዘመዱ የቲሲ-ፒቲፒ ጉድጓድም ከእሱ እምብዛም አይለይም፤ ስለዚህ ሁለቱን ጎን ለጎን ይፈትኑ። በ2016 ይፋ የሆነው ኤስኤችፒ-2 የተባለ ሌላ ፎስፋቴዝ ገቺ ግን ከሥራ ጉድጓዱ ውጭ ባለ ዋሻ ገብቶ ኢንዛይሙን እንደተዘጋ ያስቀረዋል። እኔ ብሆን ከጉድጓዱ ይልቅ እንዲህ ያለ ጎን እፈልጋለሁ።

ጠያቂዋ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዲቲቲ በእርግጥ ጨምሬ ነበር። ካታሌዙ ራሱ ከውህዱ ጋር ተጣብቆ ቢያሳስተኝስ?

መልስ፣ ከድሬዳዋ
ጥሩ አስበዋል። ከካታሌዙ ጥቂቱን አፍልተው ያበላሹትና በሌላ ረድፍ ይጨምሩት፤ መገታቱን የሚያጠፋው ያልፈላው ብቻ ከሆነ ጥፋቱ የፐርኦክሳይዱ ነው።