የባትሪ ማከማቻ የመሬት ፈቃድ፦ ካሊፎርኒያ፣ ኒውዮርክ ወይስ ቴክሳስ?

ጥያቄ፦ 240 ሜጋዋት-ሰዓት የሚይዝ ጣቢያ ለመትከል ቦታ እያየን ነው። የመሬት አጠቃቀም ፈቃዱ በማን እጅ ነው?

መልስ፦ ካሊፎርኒያ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ የተለመደው የካውንቲ ፈቃድ ነው። 200 ሜጋዋት-ሰዓትና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው ኤቢ 205 በተባለው የግዛቱ ሕግ መሠረት በቀጥታ ለግዛቱ ኢነርጂ ኮሚሽን ማመልከት ይቻላል። ኮሚሽኑ ውሳኔ የሚሰጥበት የ270 ቀን ገደብ የሚቆጠረው ማመልከቻው «ተሟልቷል» ከተባለ በኋላ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው።

መልስ፦ ኒውዮርክ ለብቻው የሚተከል ባትሪ የአካባቢው አስተዳደር ጉዳይ ነው። በባትሪ ላይ ጊዜያዊ እገዳ ያወጡ አስተዳደሮች ብዙ ስለሆኑ መሬት ከመከራየታችሁ በፊት የአካባቢውን አስተዳደር ቦርድ ቃለ ጉባኤ አንብቡ።

መልስ፦ ቴክሳስ ካውንቲዎች በአብዛኛው የዞኒንግ (የትኛው መሬት ለምን እንደሚውል የመወሰን) ሥልጣን የላቸውም። የእሳት ደንቡ ግን ሌላ ነው፦ የባትሪ ማከማቻ የእሳት ደህንነት መስፈርት የሆነው ኤንኤፍፒኤ 855 ከይዞታ ወሰንና ከሕንፃ 3 ሜትር ያህል መራቅን ይጠይቃል።